የዓይን ቢጫ መሆን ከቆዳ መጥቆርና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲታይ፦ ምክንያቶቹና ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

የዓይን ነጭ ክፍል ወደ ቢጫነት ሲለወጥ በኅብረተሰባችን ዘንድ በተለምዶ «የወፍ በሽታ» ይባላል። ሕመሙ ከወፍ ወይም ከሌሊት ወፍ ጋር የተያያዘ እንደሆነ የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። በሕክምና ሳይንስ ግን ቢጫነት ራሱን የቻለ አንድ በሽታ ሳይሆን ከተለያዩ በሽታዎች ሊመነጭ የሚችል ምልክት ነው። በመሆኑም ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሁለት ሰዎች ፍጹም የተለያየ ሕመም ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱን ያዳነ ሕክምናም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ቢጫነት ብቻውን ሲከሰት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚያልፍ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ከቆዳ መጥቆርና ሳይታሰብ ከመጣ የክብደት መቀነስ ጋር ተያይዞ ሲታይ ግን ሕመሙ ሰንብቶ እንደቆየና ከአንድ በላይ የሰውነት ክፍልን እንደነካ ያመለክታል። ከእነዚህ ሕመሞች መካከል በመርፌ ወይም በሚዋጥ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የሚድኑ አሉ። በጊዜ ካልተደረሰባቸው ለሕይወት የሚያሰጉም አሉ። የሁለቱ ልዩነት በመልክ ብቻ ስለማይለይ፣ እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ሳይዘገይ መመርመር ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ምልክቶቹ ከየት እንደሚመጡ፣ የትኞቹ በሽታዎች ሊያስከትሏቸው እንደሚችሉና ተገልጋዮች አገልግሎት ለማግኘት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያብራራል።

ምልክቶቹ እንዴት ይፈጠራሉ?

ቢጫነት፦ በደማችን ውስጥ ያሉ ቀይ የደም ሕዋሳት በአማካይ ለ120 ቀናት ያህል ካገለገሉ በኋላ ይፈርሳሉ። ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ጉበት ይህን ንጥረ ነገር ከደም ተቀብሎ ከሐሞት ጋር በሐሞት ቱቦ በኩል ወደ አንጀት ያስወግደዋል። ለሰገራ ቡናማ ቀለም የሚሰጠውም ከዚሁ የሚገኘው ውጤት ነው። የቢሊሩቢን መጠን በጤናማ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር አይበልጥም። መጠኑ ወደ 2.5 ወይም 3 ሚሊግራም ሲደርስ የዓይን ቢጫነት መታየት ይጀምራል።

ከዚህ በመነሳት ቢጫነት በሦስት መንገዶች ሊፈጠር እንደሚችል መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ከተለመደው በላይ ሲፈርሱ፤ ሁለተኛ፣ ጉበት ራሱ ሲጎዳ፤ ሦስተኛ፣ ሐሞት የሚወርድበት ቱቦ ሲዘጋ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ሐሞት ወደ አንጀት ስለማይደርስ ሰገራ ነጣ ያለ ወይም አመድ የመሰለ ይሆናል፤ ሽንት ደግሞ እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ መላ ሰውነትን የማሳከክ ስሜትም ይከተላል። ስለዚህ የሽንትና የሰገራ ቀለም ለጤና ባለሙያው ጠቃሚ ፍንጭ ስለሚሰጥ ሊነገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የቆዳ መጥቆር፦ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አንዳንድ ሕመሞች ሜላኒን በብዛት እንዲመረት ያደርጋሉ። በሌሎች ሕመሞች ብረት የተባለው ማዕድን በቆዳ ውስጥ ይከማቻል፤ አንዳንድ መድኃኒቶችም የቆዳን ቀለም ይለውጣሉ። ለረጅም ጊዜ የቆየ የጉበትና የሐሞት ቱቦ ሕመምም ቆዳን ሊያጠቁር ይችላል።

የክብደት መቀነስ፦ አንድ ሰው ለመክሳት ሳያስብ ከ6 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ምርመራ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ 60 ኪሎ ግራም ይመዝን የነበረ ሰው 3 ኪሎ ግራም ከቀነሰ ከዚህ ወሰን ደርሷል። ሚዛን በአቅራቢያ ባይኖር እንኳ ቀበቶ መላላት፣ ልብስ መስፋት ወይም ቀለበት ከጣት መውለቅ መጀመሩ ልብ ሊባል ይገባል። ሆድ ውኃ ቋጥሮ ሲያብጥ ግን ሚዛኑ ላይቀንስ ስለሚችል የፊት፣ የክንድና የትከሻ መመንመን የተሻለ ምልክት ነው።

በጠይም ቆዳ ላይ ምልክቶቹን እንዴት መለየት ይቻላል?

ቢጫነትን ለመለየት የሚመረጠው ቦታ ዓይን ነው። በቀን ብርሃን፣ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርጎ የዓይንን ነጭ ክፍል መመልከት ያስፈልጋል። በአምፖል ወይም በኩራዝ ብርሃን የሚታየው ቀለም ሊያሳስት ይችላል። በብዙ ጠይም ሰዎች ዓይን ላይ ከልጅነት ጀምሮ የሚኖር ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ዙሪያውን የከበበ ጥቁረት ሕመም አይደለም። ቢጫነት ግን የዓይኑን ነጭ ክፍል በሙሉ ያካልላል።

የቆዳ መጥቆርን ለመለየት ዋናው ነገር ቀለሙ ምን ያህል ጠቆረ የሚለው ሳይሆን ከቀድሞው ተለውጧል ወይ የሚለው ነው። በመታወቂያ ወይም በቆየ ፎቶግራፍ ላይ ካለው መልክ ጋር ማስተያየት ይረዳል። ለውጡ በተለይ በመዳፍ መስመሮች፣ በጣት መገጣጠሚያዎች፣ በክርን፣ በጉልበት፣ በቆዩ ጠባሳዎችና በአፍ ውስጥ መኖሩ መታየት አለበት። ይሁን እንጂ የድድ መጥቆር በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በተፈጥሮ የሚገኝ ነው፤ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችም አሉ። የተነቀሰ ድድ ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ለመርማሪው ባለሙያ ቢገልጹ ከአላስፈላጊ ጥርጣሬ ይድናሉ።

ሊከሰቱ የሚችሉ ምክንያቶች

1. ለረጅም ጊዜ የቆየ የጉበት በሽታ

በጉበት ላይ ለዓመታት የቆየ ጉዳት ጉበቱ እንዲጠጥርና ጠባሳ እንዲሞላው ያደርጋል። ይህ ደረጃ ሲሮሲስ ይባላል። ምልክቶቹ ቢጫነት፣ የጡንቻ መመንመን፣ የሆድና የእግር እብጠት፣ በቀላሉ መድማት እንዲሁም የፊት መጥቆር ሊሆኑ ይችላሉ። በአገራችን ከዋና ዋና መንስኤዎቹ መካከል የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ቫይረሶች ይገኙበታል።

ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱን ለረጅም ዘመን ይዘው ይኖራሉ፤ በአዋቂነት ከተያዙት ግን ይህ የሚደርሰው ከ5 በመቶ በማይበልጡት ላይ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ለብዙ ዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። በርካታ ዜጎች ቫይረሱ እንዳለባቸው የሚያውቁት ደም ሲለግሱ፣ በእርግዝና ክትትል ወቅት ወይም ለሥራ ወደ ዓረብ አገራት ለመሄድ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ ነው። ውጤቱ ጉዞን ከማስቀረት ያለፈ ትርጉም አለው፤ ውጤቱ የተነገረው ሰው ምንም ባይሰማውም በጤና ተቋም ክትትል ሊጀምር ይገባል። ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ቫይረሱን የሚቆጣጠር በየዕለቱ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንታት በሚወሰድ የሚዋጥ መድኃኒት ከ95 በመቶ በላይ በሆኑ ታካሚዎች ላይ ሙሉ በሙሉ ይድናል።

አልኮልን አብዝቶ መጠጣት፣ የብልሃርዚያ ትል በጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲሁም የሰውነት የመከላከያ ኃይል ጉበትን ወይም የሐሞት ቱቦዎችን ሲያጠቃ የሚፈጠሩ ሕመሞችም በዚህ ምድብ ይካተታሉ። ትንንሾቹን የሐሞት ቱቦዎች ቀስ በቀስ የሚያጠፋው ሕመም በተለይ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ሴቶች የሚታይ ሲሆን ከቢጫነቱ በፊት ለወራት የሚቆይ ማሳከክና የቆዳ መጥቆር ሊቀድመው ይችላል።

2. የሐሞት ቱቦ መዘጋት፣ የቆሽትና የጉበት ካንሰር

በሐሞት ከረጢት ውስጥ የተፈጠረ ጠጠር ወደ ቱቦው ሲወርድ ቢጫነት ያስከትላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ በኋላ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ከሚሰማ ከባድ ሕመም ጋር ይመጣል። በቆሽት ራስ ወይም በራሱ በሐሞት ቱቦ ላይ የሚወጣ ዕጢ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ነው የሚጀምረው። ዓይን ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆናል፤ ሰውነት ያሳክካል፤ ሰገራ ይነጣል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ክብደትም በፍጥነት ይቀንሳል። ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ በድንገት የታየ የስኳር ሕመም አብሮት ሊከሰት ይችላል። «አያመኝም» ብሎ መቆየት ጉዳት የሚያስከትለው በተለይ በዚህ ሕመም ነው፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ አጭር ነውና።

የጉበት ካንሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሄፓታይተስ ቢ፣ በሄፓታይተስ ሲ ወይም በሲሮሲስ በተጎዳ ጉበት ላይ ይነሳል። በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም ለዚህ ካንሰር ያጋልጣል።

3. የቫይታሚን ቢ12 እጥረት

ይህ ሕመም ሦስቱንም ምልክቶች በአንድነት ሊያሳይ ይችላል፤ በቀላሉ የሚታከም በመሆኑም በተለይ ሊታወስ ይገባል። ቫይታሚኑ ሲያንስ መቅኒ የሚያመርታቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ገና ሳይወጡ ስለሚፈርሱ ዓይን በመጠኑ ቢጫ ይሆናል። የእጅና የእግር ጣቶች መገጣጠሚያዎች፣ መዳፍና ጥፍሮች ይጠቁራሉ። ምላስ ይልጣል፤ የምግብ ፍላጎትና ክብደት ይቀንሳሉ። የእግርና የእጅ መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድና መርሳትም ይታከሉበታል።

ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በዓሣ ውስጥ ነው። ሰውነት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ በጾም ወራት ብቻ ከእነዚህ ምግቦች መታቀብ ለአብዛኛው ጤናማ ሰው እጥረት አያስከትልም። ከጾም ውጭ ባሉት ወራትም እነዚህን ምግቦች የማያገኙ ሰዎች፣ አረጋውያን፣ የጨጓራ ወይም የአንጀት ሕመም ያለባቸውና ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ ታካሚዎች ግን ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ሕክምናው በመርፌ ወይም በእንክብል የሚሰጥ ቫይታሚን ነው። የደም ማነሱና ቢጫነቱ በሳምንታት፣ የቆዳው መጥቆር ደግሞ በወራት ውስጥ ይስተካከላል። የነርቭ ጉዳቱ ግን ከቆየ ላይመለስ ይችላል።

4. የአድሬናል ዕጢ መድከም

ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች ለሰውነት አስፈላጊ የሆኑ ሆርሞኖችን ማምረት ሲያቆሙ የሚፈጠረው ሕመም የአዲሰን በሽታ ይባላል። ስያሜውን ያገኘው ሕመሙን በ1855 እ.ኤ.አ. ከገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ከቶማስ አዲሰን ነው። የቆዳ፣ የመዳፍ መስመሮችና የጠባሳዎች መጥቆር፣ ክብደት መቀነስ፣ ከፍተኛ ድካም፣ ሲነሱ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ጨው የመመኘት ስሜት መለያዎቹ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በተስፋፋባቸው አገራት ቲቢ አድሬናል ዕጢዎችን ማጥቃቱ ከዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ነው። ይህ በሽታ በራሱ ዓይንን ቢጫ አያደርግም። በአንድ ሰው ላይ ቢጫነትም ከታየ፣ ቲቢው ወይም የቲቢ መድኃኒቱ ጉበትን ነክቶ እንደሆነ መታየት አለበት። ሆርሞኑን የሚተካው መድኃኒት በሐኪም ሳይታዘዝ በፍጹም ሊቋረጥ አይገባም።

5. ካላዛር

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ስያሜው ከሕንድ የመጣ ሲሆን ጥቁር በሽታ የሚል ትርጉም አለው፤ የተሰጠውም በዚያ አገር ታካሚዎች ላይ ከታየው የቆዳ መጥቆር የተነሳ ነው። በኢትዮጵያ በመተማና በሑመራ ቆላማ አካባቢዎች፣ በሊቦ ከምከምና ፎገራ እንዲሁም በደቡብ ኦሞና በሌሎች የደቡብ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ ወደ ቆላ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ይበልጥ ይጠቃሉ።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ በግራ ጎን የሚዳሰስ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። በካላዛር ታካሚ ላይ ቢጫነት ከታየ ሕመሙ መክበዱን ያሳያል። በሽታው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል። ስለሆነም ከእነዚህ አካባቢዎች የተመለሰ ሰው በየትኛውም ከተማ ቢታከም የነበረበትን ቦታ መናገር አለበት። የወባ ምርመራው ነፃ ቢሆንም ትኩሳቱ ካልቆመ የካላዛር ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቅ።

6. መድኃኒቶችና መርዛማ ነገሮች

አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ የተባሉት የቲቢ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበትን ይጎዳሉ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ወደ ብርቱካናማ ቀለም መለወጡ የሚጠበቅና ጉዳት የሌለው ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ካቅለሸለሸና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ግን ታካሚው ቀጣዩን መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት በዚያው ቀን ወደሚከታተልበት ተቋም መሄድ አለበት። መድኃኒቱ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ ሕክምናውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ መድኃኒት ለተለማመደ ቲቢ ያጋልጣል።

ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ ይህም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቀስ በቀስ የሚለቅ ነው። አብሮት የሚሰጠው ዳፕሶን ግን የደም ሕዋሳትን በማፍረስ ወይም ጉበትን በመጉዳት ቢጫነት ሊያስከትል ስለሚችል ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ አለበት።

መጠናቸው ያልታወቀ የባህል መድኃኒቶችም ጉበትን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ጫትን አዘውትሮ መቃምን ከዘላቂ የጉበት በሽታ ጋር አያይዘውታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በትግራይ ሰሜን ምዕራብ የበርካታ ነዋሪዎችን ሕይወት የቀጠፈው የጉበት በሽታም መርዛማ የአረም ዘር ከእህል ጋር ተቀላቅሎ በመበላቱ የመጣ እንደሆነ በምርመራ ተመልክቷል። እህልን አበጥሮና ለቅሞ ማስፈጨት ጤናን መጠበቅም ጭምር ነው።

7. ሌሎች ምክንያቶች

ከባድ ወባ፣ ከኤችአይቪ ጋር የተያያዙ ኢንፌክሽኖች፣ ወደ ጉበት የተሰራጨ ቲቢ፣ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና የልብ ድካም ከምልክቶቹ የተወሰኑትን ሊያስከትሉ ይችላሉ። በሰውነት ውስጥ የብረት ክምችት የሚበዛበት ሄሞክሮማቶሲስ የተባለው ሕመም የቆዳ መጥቆርን፣ የጉበት በሽታንና የስኳር ሕመምን በአንድነት በማምጣት ይታወቃል። በዘር የሚተላለፈው ዓይነት በዋናነት የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚታይ ነው፤ በተደጋጋሚ ደም የተሰጣቸው ታካሚዎች ግን በየትኛውም አገር ለብረት ክምችት ሊጋለጡ ይችላሉ።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

ዓይኑ ቢጫ በሆነ ሰው ላይ ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በቀንም ሆነ በሌሊት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፦

• ግራ መጋባት፣ መቃዠት፣ የቀንና የሌሊት እንቅልፍ መዛባት ወይም ራስን መሳት፤
• ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤
• ከሚያንቀጠቅጥ ብርድ ጋር የመጣ ትኩሳትና በቀኝ የላይኛው ሆድ ላይ የሚሰማ ሕመም፤
• የሆድ በፍጥነት ማበጥ ወይም የሽንት መቀነስ፤
• ሲነሱ መውደቅ፣ የማያቋርጥ ማስታወክና ከፍተኛ ድካም፤
• ከድድ፣ ከአፍንጫ ወይም ከቆዳ ሥር የማያቆም መድማት፤
• በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የታየ ማንኛውም ቢጫነት፤
• ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የታየ ቢጫነት።

አምቡላንስ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 ነፃ የስልክ መስመር አገልግሎት ይሰጣል።

አገልግሎቱን ለማግኘት ወዴት መሄድ ይገባል?

አስቸኳይ ምልክት የሌለበት ሰው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላል። በገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ዜጎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን በማማከር ወደ ጤና ጣቢያ ሊላኩ ይችላሉ። ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን ምርመራ አድርጎ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ አጠቃላይ ወይም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሪፈር ወረቀት ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የመድኑ ተጠቃሚ ለመሆን የታደሰ የአባልነት መታወቂያና ከጤና ጣቢያ የተሰጠ የሪፈር ወረቀት መያዛቸውን ማረጋገጥ ይገባቸዋል። የቲቢ እና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ተገልጋዮች ሲሄዱ የሚከተሉትን ቢይዙ ወይም ቢያዘጋጁ ምርመራው ይፋጠናል፦

• ከዚህ በፊት የተደረጉ የምርመራ ውጤቶችና የአልትራሳውንድ ወረቀቶች፤
• የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የባህል መድኃኒትም ከሆነ የቀረው ናሙና፤
• ቢጫነቱ፣ የቆዳው መጥቆርና መክሳቱ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደጀመሩ የሚያሳይ አጭር ማስታወሻ፤
• የሽንትና የሰገራ ቀለም ለውጥ፤
• ባለፈው አንድ ዓመት የተጓዙባቸው ወይም የሠሩባቸው ቦታዎች፤
• በቤተሰብ ውስጥ የጉበት ሕመም፣ ሄፓታይተስ ወይም ቲቢ ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩ።

የትኞቹ ምርመራዎች ሊታዘዙ ይችላሉ?

ባለሙያው በመጀመሪያ ዓይንን፣ ቆዳን፣ ሆድንና የደም ግፊትን ይመረምራል። ቀጥሎ የቢሊሩቢን መጠንና ዓይነት፣ የጉበት ኢንዛይሞች፣ የደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የኤችአይቪ እንዲሁም የወባ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። የሆድ አልትራሳውንድ ቱቦው መዘጋቱን፣ በጉበት ላይ ዕጢ መኖሩን ወይም ጣፊያ ማበጡን ያሳያል። በውጤቱ መሠረት የቫይታሚን ቢ12፣ የጠዋት ኮርቲሶል ሆርሞን፣ የብረት ክምችት፣ የካላዛር ፈጣን ምርመራ፣ የቲቢ ምርመራ ወይም ሲቲ ስካን ሊከተል ይችላል። እነዚህ ሁሉ ለአንድ ሰው አስፈላጊ ሆነው አይገኙም፤ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ቀጣዩን መንገድ ያሳያሉ። ታካሚው የትኛው ምርመራ ለምን እንደታዘዘለት የመጠየቅ መብት አለው።

ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ

• አልኮል ሙሉ በሙሉ መተው፤ ጫትን መተው፤
• የሕመም ማስታገሻን ጨምሮ ማንኛውንም መድኃኒት ያለ ባለሙያ ምክር አለመውሰድ፤ ፓራሲታሞል እንኳ ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤
• ለ«ወፍ በሽታ» ተብለው የሚሰጡ ሥራ ሥሮችን አለመጠጣት፤ ቆዳን በእሳት አለመተኮስ፤
• በሐኪም ካልተከለከለ በስተቀር የተመጣጠነ ምግብ መመገብ፤ ቅባት የማይስማማው ሰው በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ ቢመገብ ይሻለዋል፤
• ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና መርፌ ከሌላ ሰው ጋር አለመጋራት።

ብዙ ቤተሰቦች ዘመዳቸው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን በቅድሚያ ወደ ባህል ሐኪም ይወስዱታል። ሕመሙ በራሱ የሚያልፍ ዓይነት ከሆነ ታካሚው ይሻለዋል፤ ምስጋናውም ለሥራ ሥሩ ይሆናል። ሕመሙ የቱቦ መዘጋት ወይም ካንሰር ከሆነ ግን ለቀዶ ሕክምና ይውል የነበረው ጊዜ ያልፋል። ጸበል የሚጠመቁ ወይም በሌላ መንገድ በእምነታቸው የሚጽናኑ ታካሚዎችም ይህን ከሕክምናው ጎን ለጎን ማድረግ ይችላሉ፤ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ግን ማቋረጥ የለባቸውም።

አስቀድሞ መከላከል

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ለሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ይሰጣል። ወላጆች ሦስቱንም ዙር ማስጨረስ ይኖርባቸዋል። ቫይረሱ ያለባት እናት በጤና ተቋም መውለዷ ለሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊሰጠው ስለሚገባው መከላከያ ከባለሙያ ጋር ለመመካከር ያስችላታል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የትዳር ጓደኛና ልጆችም መመርመር አለባቸው፤ ነፃ ሆነው ከተገኙ ስለ ክትባት ባለሙያን ያማክሩ። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በመተቃቀፍ ስለማይተላለፍ ታካሚውን ከማዕድ ማግለል ተገቢ አይደለም።

በተጨማሪም እህልን በደረቅ ቦታ ማከማቸትና የሻገተውን አለመመገብ፣ በካላዛር አካባቢዎች በአጎበር ውስጥ መተኛትና ከግራር ዛፍ ሥርና ከተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ አለማደር፣ ብልሃርዚያ በሚገኝባቸው ኩሬዎችና ወንዞች አለመዋኘት፣ የአልኮል መጠጥን መቀነስ እንዲሁም ንቅሳት፣ ግርዛትና መርፌ ንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ እንዳይደረግ መጠንቀቅ ጉበትን ከጉዳት ይጠብቃሉ።

ማጠቃለያ

ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ቆዳው ከቀድሞው የጠቆረና ሳያስበው የከሳ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በጤና ተቋም መታየት አለበት፤ ከላይ ከተዘረዘሩት አስቸኳይ ምልክቶች አንዱ ካለበት ደግሞ በዚያው ሰዓት። ታካሚው ራሱ ለውጡን ላያስተውለው ይችላል፤ አስቀድሞ የሚያየው አብሮት የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ ለውጡን ያየ የቤተሰብ አባል፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ሰውየውን አበረታቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሊያደርሰው ይገባል። ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያዎ የሚገኝ ጤና ተቋም ባለሙያዎችን ያነጋግሩ፣ ወይም በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 ይደውሉ።